ከምንጩ በላይ ሠላሳ አንድ እርምጃ

ጥቅምት 9

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለመርፌዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እትዬስ እንዴት ናት? ጆሮዋ እንደ አምናው ነው ወይስ ባሰበት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ይህን ስታነቢላት በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ በይ። በግራዋ በኩል መድፍ ቢተኮስም አትሰማም።

የላክሽው ሳጥን ደረሰኝ። የጠቀለልሽበትን የጨርቅ ቁርጥራጭ ፈትቼ ድንጋዩን እንዳወጣሁት፣ እመኚኝ፣ ሮጬ መብራት ሥር ወሰድኩት። «በር የምናስደግፍበት ነበር፣ የቤትህ ማስታወሻ ይሁንህ» ብለሽ ጽፈሻል። ጉድ በይ እንግዲህ! በር ያስደገፋችሁት በክሪስታል ነው። ሥሩ ሐምራዊ፣ ጫፉ ኩልል ያለ፣ ስድስቱም ጎኑ አንድ ቦታ ሳይሸረፍ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር ሌንስ ስሞርድ የምውል ሰው ነኝ፤ የጠራ ነገር አይቼ አውቃለሁ። ይህን የመሰለ ግን አላየሁም።

እዚህ ብቻዬን መሆኔን ታውቂያለሽ። ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝ አንድ ክፍልና አራት መደርደሪያ ነው። መደርደሪያዎቹ ላይ ሦስት መቶ አርባ ድንጋይ ተደርድሯል። አከራዬ «ሚስት ብታገባ አይሻልህም?» ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ድንጋይ ሰብሳቢዎች በማኅበራችን አዳራሽ ተገናኝተን ያገኘነውን እናሳያለን። ያንቺን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሁሉም ወንበሩን ትቶ ከበበኝ። እኔ አፌን ስከፍት ሰው ዝም ብሎ ሲሰማኝ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከወጣበት ቦታ ሁለት ሦስት ጨምሪልኝ፤ ከተቻለ ከበቀለበት ከእናት ድንጋዩ እንደተያያዘ። ቦታውንም ልክ ልኩን ጻፊልኝ፤ ከምንጩ ስንት እርምጃ፣ በየት በኩል። የትውልድ ቦታው ያልተጻፈበት ድንጋይ በእኛ ማኅበር ዋጋ የለውም። መለያ ወረቀቱ ላይ ግምት አይጻፍም።

የእትዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 11

ለማከብርህና ለምወድህ አጎቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ለወሬ ክፍት፣ ለምክር ዝግ እንደሆነ አለ። ደብዳቤህን ሳነብላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ሰው አገሩ ይናፍቀዋል፣ ዘመድ ይናፍቀዋል፤ የኔን ወንድም ድንጋይ ናፈቀው?» አለች። እኔም አልኩ፣ የሰው አጎት ሽቶ ይልካል፣ የኔ አጎት ድንጋይ ያስልካል። ዕድሌ ነው፣ ምን አደርጋለሁ።

ለማንኛውም ታዝዤልሃለሁ። ጎረቤታችንን ግንበኛውን ለምኜ ሄድን። የሳቂታ ባል ነው። ሳቂታን አትረሳትም መቼም፤ ሳትስቅ «ደህና ዋልሽ» ማለት የማይሆንላት፣ ከእኛ ቤት ቀጥሎ ታች ያለችው። አሁንም ያው ናት። ቀሚስ ለማሰፋት ትመጣለች፣ ልለካት ሜትሩን ሳዞርባት ትስቃለች፣ ልኩ ይጠፋብኛል፤ የሷን ወገብ አንዴም በትክክል ለክቼ አላውቅም።

ግንበኛው በዲጂኖ ቆፈረ። ቦታው ይኸውልህ፤ ከምንጩ አፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ በኔ እግር ሠላሳ አንድ እርምጃ፣ አያቴ የካበው የድንጋይ ካብ ሥር። ጉድጓዱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያህላል። ውስጡን በባትሪ ሲያበራው ዙሪያውን ጥርስ በጥርስ ነው፤ እንደ ተከፈተ አፍ። ደስ አይልም፣ እውነቴን ነው። ሁለት አወጣንልህ፤ አንደኛው እንዳልከው ከነእናቱ ነው።

እማዬ የት እንደቆፈርን ስትሰማ ሳቋን አቆመች። «ከምንጭ ራስ ላይ ድንጋይ አይነሳም» አለችኝ። አባቷ ያን ካብ ሲክብ ድንጋዩን በሙሉ ከታች ከወንዙ በጀርባው እያወጣ ነበር አሉ፤ ከላይ አንዲት ጠጠር አላነሳም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ምንጭ የሚይዘው የላዩ ድንጋይ ነው ይል ነበር» አለች። ግንበኛው ሲሰማ «የድሮ ሰው ሁሉን ይፈራል» ብሎ ቀለደ። እኔም ጉድጓዱን መልሰን ደፍነነዋል ብዬ አረጋጋኋት። ለአንተ ግን አልዋሽም፤ አልደፈንነውም።

አሥራ ሁለት ቤት ከዚያ ምንጭ እንደሚጠጣ አንተም ታውቃለህ። የሁላችንንም ሰላምታ ተቀበል።

መርፌህ

ታኅሣሥ 24

ለውዷ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራሳችሁ ይድረስ። ዛሬ የምጽፍልሽ በደስታ ነው። የሰብሳቢዎች ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ነበር። ከስድስት መቶ ድንጋይ መካከል አንደኛ የወጣው ያንቺ ነው! ያ ከነእናቱ የላክሽው። የማኅበሩ መጽሔት ሙሉ ገጽ ሰጠው። ፎቶው ከላይ፣ ከሥሩ እኔ በገዛ እጄ የጻፍኩት መለያ፤ አንድ ቃል ሳይቀነስ አትመውታል። ሰፈራችን፣ ምንጩ፣ ሠላሳ አንዱ እርምጃ፣ የአባቴ ካብ ሳይቀር። ዳኛው «እንዲህ በጥንቃቄ የተጻፈ መለያ አይተን አናውቅም» አለ። አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ ይቆጨኛል።

መጽሔቱ ወደ አርባ አገር ይሄዳል። እስቲ አስቢው፣ የእኛ ጓሮ!

አሁን ትልቅ እፈልጋለሁ። ክንድሽን የሚያህል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በስተውስጥ ሲሄድ እየገዘፈ ነው የሚሄደው፤ ግንበኛው ትንሽ ጠለቅ ይበልልኝ። ደግሞ እባክሽ ቦታውን ጠብቁልኝ። ለእትዬ «ወንድምሽ ቦታውን አደራ ብሏል» በያት። እኔ እስክመጣ ሌላ ሰው እጁን እንዳያስገባበት።

ስለ ጤናዋ በደንብ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

የካቲት 6

ለማከብርህ አጎቴ፣

እንደምን አለህልኝ? ሳልጽፍልህ የቆየሁት ታምሜ አይደለም፣ ሥራ በዝቶብኝም አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

ጥር መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዎች በመኪና መጡ። ዋናው ባለ ባርኔጣ ነው። እጁ ላይ ከመጽሔት የተገነጠለ አንድ ገጽ ይዟል። ከማንም ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ ምንጩ አፍ ላይ ቆመና እየቆጠረ ወደ ላይ ወጣ። እግሩ ረጅም ስለሆነ ሠላሳ አንድ ሲል ካቡን አልፎት ነበር። ተመለሰ። እንደገና፣ አሁን አጠር አጠር አድርጎ፣ በኔ እርምጃ ልክ ቆጠረ። ጉድጓዳችን አፍ ላይ ሲደርስ ቆመና ሳቀ። እኔ በመስኮት እያየሁት ነበር፤ መጋረጃውን ዘጋሁት። ሰው በማላውቀው አገር ተቀምጦ የእግሬን ልክ አውቆብኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሰፈር አይደለም። መሥራት የሚችለውን ወንድ ሁሉ በቀን ሥራ ቀጠረው፤ ግንበኛውንም ጭምር። ትናንት ጉድጓዶቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። የጉድጓዶቹ ጣሪያ እንዳይደረመስ ብለው የኮረብታውን ዛፍ ቆርጠው ደገፉት፤ አፈሩን የሚያስይዘው ግን ያ ዛፍ ነበር። የአያቴ ካብ ፈርሷል። በባሩድ ሲያፈነዱ መቀሴ ከጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። የምንጩ ውሃ የሩዝ እጣቢ መስሏል፤ አሳድረን አጥልለን ነው የምንጠጣው። እንቁራሪቶቹም ዝም ብለዋል። ድሮ ጩኸታቸው ሲያበሳጨኝ እራገም ነበር፤ አሁን ጆሮዬ ይፈልጋቸዋል።

እማዬ አደራህን ወስዳዋለች። ጠዋት በርጩማዋን ይዛ ከጓሮ ትወጣለች፣ ዱላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ እስኪመሽ ትቀመጣለች። የባለ ባርኔጣው ሰዎች ወደ ቤቱ አጥር ሲጠጉ «ይሄ የወንድሜ ነው!» ትላቸዋለች። ይስቁባታል። እሷ ሳቃቸውን ስለማትሰማ እንዳከበሯት ነው የምታስበው።

እስቲ ንገረኝ አጎቴ፣ ያንን ገጽ ባታሳትመው ምን ይቀርብህ ነበር?

መርፌህ

መጋቢት 18

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ደብዳቤሽ ከብዶኛል። ግን ልጄ፣ ፍረጂኝ እንጂ አታሳብቢብኝ። መለያ ላይ ውሸት መጻፍ እችል ነበር? በሰብሳቢ ዘንድ ከዚያ የሚብስ ነውር የለም። ያ ሰውዬ ሰብሳቢ አይደለም፣ ነጋዴ ነው። እኔ ስለ እውቀት ብዬ የጻፍኩትን እሱ ለሆዱ አዋለው። ለማኅበሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።

ኮረብታ ደግሞ በጥቂት ጉድጓድ አያልቅም። ውሃውም ይጠራል፤ የተነካካ ምንጭ መጀመሪያ መደፍረሱ ያለ ነው።

ካነሳነው አይቀር፣ መቆፈሩ ካልቀረ ለእኛም ይትረፈን። ግንበኛው ውስጥ ውስጡን አንድ ትልቅ ቢያስቀርልኝ ውለታው ይኖርብኛል። የሚወጣው ሁሉ ተሰባብሮ በኪሎ ከሚሸጥ፣ አንዱ እንኳ ስሙን ይዞ የሚያከብረው ሰው ዘንድ ቢደርስ አይሻልም?

እትዬን ብርድ ላይ እንዳትቀመጥ ንገሪያት። ግን ጎበዝ በያት።

አጎትሽ

ግንቦት 3

ለአጎቴ፣

እንዴት ነህ? እኛ አለን።

ስለ ድንጋይ ጠይቀኸኛል። ስለ ድንጋይ የምነግርህ የለም። ስለ ውሃ ልንገርህ።

ሚያዝያ 8 ቀን ምንጩ ቆመ። አልቀነሰም፣ ቆመ። ጠዋት ጀሪካን ይዘን ስንሄድ አፉ ደርቆ ጭቃው ብቻ ይታያል። አሥራ ሁለቱም ቤት አሁን ውሃ የሚቀዳው ከታች ከወፍጮው ጉድጓድ ነው፤ ተሰልፈን ደርሰን እስክንመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጅብናል። ሳቂታ እንኳ ወረፋው ላይ ሳትስቅ ቆማ አየኋት።

በአምስተኛው ቀን እማዬ ከአልጋዋ ስትነሳ «ማነው ውሃ ክፍት የተወው?» አለች። መድፍ የማትሰማዋ እናቴ! «ትራሴ ውስጥ ውሃ ይሄዳል» አለችኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ የክር ጥቅል ከእጄ አምልጦ ወደቀና ከበሩ ተንከባሎ እስከ ጓዳው ግድግዳ ሄደ። አነሳሁት፣ መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። አሁንም ተንከባሎ ሄደ። ይህን ወለል አንተ ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሳለሁ አብረን ብይ እንጫወትበት ነበር፣ ለጥ ያለ ነበር።

ግንበኛውን ጠራሁት። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ መሐል መሆን ያለባት አረፋ ጥግ ይዛ ቀረች። ከዚያ በደረቱ ተኛና ጆሮውን ሲሚንቶው ላይ ለጠፈ። ብዙ ቆየ። ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሏል። «ምንጩ አልደረቀም» አለኝ። «መንገዱን ዘጋንበት፤ ሌላ መንገድ አገኘ። ከሥራችሁ ነው የሚሄደው። ጉድጓዶቹ ደግሞ ዝናቡን ሲጠጡ…» ብሎ አቋረጠ። በማግስቱ ለባለ ባርኔጣው ሥራ አልገባም። ለሳቂታ ግን የነገራት አይመስለኝም። ስጠይቀው «የእናንተን ቤት ነው የሚጎዳው፣ ከእናንተ አያልፍም» አለኝ፤ ግን ዓይኔን አላየም።

ለማዘጋጃ ቤት አመለከትኩ። ባለ ባርኔጣው ፈቃድ አለው አሉኝ። ለጎረቤትም ተናገርኩ። ሳቂታ «የኔን ቤት የሠራው ግንበኛ ነው፣ ያንቺን የሠራው ማን ነው?» ብላ ቀለደችብኝ።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ ስማ። ዝናብ ሊገባ አንድ ወር ነው የቀረው። እማዬ አልወጣም ብላለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልቅሼ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ወንድሜ አደራ ብሎኛል፤ እኔ ስወጣ እነዚህ ከአልጋዬ ሥር ሊቆፍሩ ነው» ትላለች። አንተ ያሰርካትን እኔ መፍታት አልቻልኩም። በሞቴ፣ በገዛ እጅህ ጻፍላት። ድንጋይ አልፈልግም በላት። ውጪ በላት። ሌላ ምንም አትጻፍ።

መርፌህ

ሰኔ 1

ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ፣

መርፌዬ፣ ይህን በቀኝ ጆሮዋ ጮክ ብለሽ፣ አንድም ሳትዘይ አንብቢላት።

እትዬ፣ ውጪ። ዛሬውኑ ውጪ። አደራዬን መልሼ ወስጃለሁ፤ የምትጠብቂው የኔ ነገር እዚያ የለም። የእህቴን ልጅ ተከትለሽ ከኮረብታው ራቅ ወዳለ ቤት ግቢ። ቤቱ ይቅር፣ ዕቃው ይቅር።

ትቀየሚኝ እንደሆነ ተቀየሚኝ፤ ግን እወቂው። አንቺ «ከምንጭ ራስ ላይ ድንጋይ አይነሳም» እንዳልሽ መርፌ ጽፋልኝ ነበር። አንብቤዋለሁ። አንብቤ ስመልስላት ግን ስለሱ አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም ድንጋዩን ፈልጌ ነበር። ነጋዴውን የመራሁት እኔ ነኝ። የቤትሽን መንገድ በእርምጃ ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እትዬ፣ ትናንት መደርደሪያዬ ፊት ተቀምጬ መለያዎቹን አነበብኩ። ሦስት መቶ አርባ አራት ናቸው። ከወንዝ ዳር፣ ከገደል ሥር፣ ከዋሻ በላይ… እስከ ዛሬ ሳነባቸው የማየው ድንጋዩን ነበር። ትናንት የታየኝ ጉድጓዱ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር የማን ቤት እንዳለ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። ፈራሁ።

በእኔ ሞት ይሁንብሽ፣ ውጪ።

ታናሽሽ

ሐምሌ 16

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ ሰኔ 22 ቀን ደርሶናል። እንዳዘዙት አንድም ሳልዘል አነበብኩላት። ዝናቡ ከጀመረ ሳምንት ሆኖት ነበር። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችና «መልሶ ከወሰደው እንግዲህ ምን አስቀመጠኝ?» ብላ ነጠላዋን አነሳች። ስለ ራስዎ የጻፉትን ሰምታው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በማግስቱ የስፌት መኪናዬንና አልጋዋን ይዘን ወፍጮው አጠገብ የምትኖር ደንበኛዬ ቤት ገባን።

ሰኔ 29 ጠዋት ኮረብታው ወረደ። ድምፁን ከወፍጮው ሆነን ሰማነው፤ እማዬም ሰማችው። ቤታችን አሁን የለም። ቤታችን ብቻ ቢሆን ይህንን ደብዳቤ በሌላ ዓይነት እጽፈው ነበር። ከእኛ ታች ያሉትን ሦስቱን ቤቶች ይዟቸው ሄደ። አምስት ሰው ነው። ሳቂታን በሦስተኛው ቀን አገኘናት። ግንበኛው ለውሃ ወረፋ ወጥቶ ስለነበር ተርፏል። ያልጨረስኩላት ቀሚስ እኔ ጋ ነው፤ በሱ ገነዝናት።

ከዚህ በታች ያለውን ጎረቤቶቻችን ጻፊልን ብለውኝ ነው። እማዬ ለቅሶ ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ እንዴት እንደተረፈች ትናገራለች፤ «ወንድሜ ከዚያ ሁሉ ርቀት አውቆ ጻፈልኝ» ትላለች። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁዎት። ሁሉም አሜን አሉ። ግንበኛው ብቻ አሜን አላለም፤ እኔን እያየ ተቀመጠ። እኔም አፌን አልከፈትኩም። እነሱ ያሉትን ቃል በቃል ጽፌያለሁ፤ እርስዎ ግምት እንደማይወዱ አውቃለሁ።

«ለእህታችን ወንድም። ሰላምታችን ይድረስህ። አንተ ምናልባት አታስታውሰንም፤ እኛ ግን እህትህ ስምህን ሳታነሳ ውላ ስለማታድር እናውቅሃለን። የሦስት ሳምንት መንገድ ርቀህ ሳለህ ኮረብታው እንደሚወርድ አውቀህ እህትህንና ልጇን አወጣህ። እንዲህ ያለ ወንድም ለሁሉም ይስጥ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ። ቅሬታ አይደለም፣ አንድ ልመና ብቻ አለን። ሰውዬው ተመልሶ መጥቷል። ኮረብታው ሲናድ ብዙ ድንጋይ ስለወጣ፣ አሁን ከቀሩት ከስምንቱ ቤቶች በላይ እየቆፈረ ነው። የሚወርድበትን ቀን ስታውቅ ለእኛም ጻፍልን። ማንበብ ለማንችለው የእህትህ ልጅ ታነብልናለች።»